እትዬ ማንጠግቦሽ አንደኛ ክፍል ሲገቡ

ሰናይት ከሳን ሆዜ ደውላ «አዜብ፣ እማዬ አረፈች» ስትለኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ስደርስ ሰዉ ከሳሎን አልፎ ደጅ ድረስ ተቀምጧል። አንዱ ስለ ደግነታቸው ያወራል፣ ሌላዋ ታማ ሳለች እንዴት እንዳስታመሟት ትናገራለች። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ «እትዬ ማንጠግቦሽ እኮ የተማሩ ሴት ነበሩ፤ ፎርም መሙላት ቢሉ፣ ደብዳቤ ማንበብ ቢሉ፣ የሚያቅታቸው አልነበረም» አለ።

እኔና ሰናይት ተያየን። በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች።

ሰውየው አልተሳሳተም። የት እንደተማሩ ግን አያውቅም። እትዬ ማንጠግቦሽ እንግሊዝኛውን መማር የጀመሩት አንደኛ ክፍል ገብተው ነው። ያውም ሁለት ጊዜ፣ ያውም አርባ ዓመት ከሞላቸው በኋላ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ኦክላንድ ውስጥ በር ለበር እንኖር ነበር። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ኤመሪቪል አንድ ዳቦ ቤት ገና ሳይነጋ ገብቼ እኩለ ቀን ላይ እወጣለሁ። እሳቸው አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ የስድስት ዓመቷ ሰናይት። ባላቸው አቶ ተሰማ ወደ ሱዳን ሲሻገሩ መንገድ ላይ በወባ ሞተዋል። ይህንን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ተኝታ ሳለች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ፈጣን ሴት ነበሩ። ሲናገሩ ጠቋሚ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ይተክሉና እስኪጨርሱ አያነሱትም። ከሁሉ ከሁሉ የማልረሳው ግን «ቆይ» የሚሉትን ነው። ፈረንጅም ይሁን አበሻ፣ ፈጠን ብሎ ያወራቸውን ሰው «ቆይ፣ አጌይን» ይሉታል። አያፍሩም። እኔ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበርኩ። ለእንግሊዝኛ ሁሉ መልሴ «የስ፣ የስ» ነው፤ ገባኝም አልገባኝም ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን አከራያችን ኮሪደር ላይ አቁሞን አንድ ነገር ሲናገር እኔ «የስ፣ የስ» ብዬ ገባሁ። እሳቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙት። በማግሥቱ ውሃ ተዘጋ። እሳቸው ባልዲ በባልዲ ሞልተው ጠብቀዋል፤ እኔ ፊቴን በሳሙና እንደለቀለቅሁ ተደናብሬ በራቸውን አንኳኳሁ። ፊቴን እያስታጠቡኝ «ያልገባሽን ገባኝ ያልሽ ቀን መከራሽን ራስሽ ጠራሽው» አሉኝ።

በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ክረምት፣ ጥር ላይ፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ይዘው መጡ። «አንብቢልኝ፤ ስታነቢም አታሳምሪልኝ» አሉ።

የሚያምር ነገር አልነበረውም። ልጅቷ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል አልተናገረችም ይላል። ስትጠራ አትመልስም፣ የምትሠራው ሥራ ስህተት ነው፣ የተሰጣትን ፈተና ወድቃለች፤ ስለዚህ ስፔሻል ክላስ እንድትገባ ታስቧል፤ ወላጅ ቀርቦ ይፈርም።

«ስፔሻል ማለት ጥሩ ነው?» አሉ።

«አእምሯቸው ለዘገየ ልጆች ነው፣ እትዬ።»

ደብዳቤውን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ስብሰባው ላይ ላስተረጉም አብሬያቸው ሄድኩ። የክፍሉ አስተማሪ ሚስስ ዊልኪንስ ነበረች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊት። አጠገቧ ልጆቹን የሚፈትነው ሰውዬ ተቀምጧል፤ ትሑት ነው፣ ግን ሰዓቱን ያያል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ልጅቷን «ቴሲማ» እያለ ነበር የሚጠራት። እኔ የአባቷን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተጠቅሞ ነው ብዬ፣ አንደኛውኑ «ሰናይት» እያልኩ አለፍኩት። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው።

«ቤት ውስጥ ትናገራለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ቤት ውስጥማ ዝም የሚያሰኛት ጠፍቶ!» አሉ እናትየው።

ጻፈና ወረቀቱን ከብዕር ጋር አቀረበላቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ብዕሩን አላነሡም። ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ተከሉ።

«ቆይ። አሁን ያለችበት ክፍል ውስጥ ምንድነው የሚማሩት?»

ሚስስ ዊልኪንስ ዘረዘረች፤ ንባብ፣ ቁጥር፣ ቀንና ወር፣ ሰዓት ማንበብ፣ ተራ መጠበቅ።

«ታዲያ ልጄ ይሄን ሁሉ አታውቅም?»

አስተማሪዋ ትንሽ አሰበች። «እውነቱን ለመናገር፣ ማወቅ አለማወቋን አላወቅንም። አትናገርማ» አለች።

«እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም። ታዲያ ምኑ ላይ ነው የምፈርመው? መጥቼ ልይ። ልጄ የምትማረውን አብሬያት ልማር፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሰውየው እንዲህ ያለ አሠራር የለም ሊል ሲል ሚስስ ዊልኪንስ ቀደመችው። ወላጆች ክፍል ውስጥ ቮለንቲር ማድረግ ይችላሉ፤ እርሳስ መቅረጽ፣ ወረቀት መቁረጥ፣ እሷም ረዳት ትፈልጋለች። ሰውየው «እስከ መቼ?» አለ።

«እስከ ፋሲካ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

ተረጎምኩ፤ ተስማማ። ከበሩ እንደወጣን «የነሱ ፋሲካ መቼ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የኛ አምስት ሳምንት ይዘገያል። የኔ ፋሲካ የትኛው እንደሆነ አልጠየቀኝም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የቀኑን ሥራ ትተው ወደ ማታው ሺፍት እንዲያዛውሯቸው አለቃቸውን ለመኑ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ከልጃቸው ጋር ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ከሰዓት ሥራ ይሄዳሉ፤ ሰናይትን እኔ እጠብቃለሁ። መቼ እንደሚተኙ አላውቅም ነበር። ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ በሚመጣበት ትንሽ ወንበር ላይ፣ ከስድስት ዓመት ልጆች መሀል ተቀመጡ። ደብተር ገዙ። የልጆቹን እርሳስ ይቀርጻሉ፣ የራሳቸውንም ይቀርጻሉ።

ከሥራ በፊት በሬን አንኳኩተው የዕለቱን ይነግሩኛል። «ዛሬ ምን ተማርን መሰለሽ? ጠዋት ጠዋት ቆመን ዛሬ ማክሰኞ ነው እንላለን፣ ከዚያ በመስኮት ወደ ሰማይ እናያለን፣ ደመና ነው እንላለን።» ሌላ ቀን ደግሞ አሰብ አድርገው፣ «እዚህ አገር ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ሀ ሁ አይደለም፤ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ነው። የጠየቀ ጎበዝ ይባላል። እኔ ልጄን በታላቅ ፊት አትናገሪ፣ ዓይን ዓይኑን አትዪ ብዬ ነው የላክኋት። ግማሹን ዝምታ ከቤቷ ይዛው ሄዳለች» አሉኝ።

ሌላውን ግማሽ ያገኙት በሁለተኛው ሳምንት ነው። የዚያን ቀን ሲመጡ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ቆመው ነው ያወሩኝ።

«አዜብ፣ አስተማሪዋ ልጄን ማን ብላ ነው የምትጠራት?»

«ሰናይት ነዋ።»

«አይደለም። መጀመሪያ በነሱ አፍ ሆኖብኝ አልለየሁትም ነበር። ዛሬ ጆሮዬን ጥዬ ሰማኋት። ተሰማ ነው የምትለው። ተሰማ ስትል ልጄ ምን ታደርጋለች መሰለሽ? ዞራ በሩን ታያለች።»

አልገባኝም።

«አባቷ የመጣ ይመስላታል!» አሉ። «እኔ ነኛ ይመጣል ያልኳት። መንገድ ላይ ስታለቅስብኝ ይመጣል አልኳት፣ ካምፕ ውስጥ ይመጣል አልኳት፣ እዚህም አላፈረስኩትም። እነሱ ደግሞ በየጠዋቱ ስሙን ይጠሩላታል። አምስት ወር ሙሉ በር ስትጠብቅ ከረመች።»

የምገባበት ጠፋኝ። ወረቀቱ ላይ ስሟ ተገልብጦ ተጽፏል፤ ስብሰባው ላይ በጆሮዬ ሰምቼው ነበር፤ እያቃናሁ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «አንቺ አንድ ቀን አሳለፍሽው፤ እኔ ሁለት ዓመት» አሉኝና ሥራቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ጠሩኝ። ሰናይት አልጋቸው ላይ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣለች። ምን ሊሉ እንደሆነ ሲገባኝ ልውጣ ብዬ ተነሣሁ። «ቁጭ በይ። ምስክር ሁኚኝ፤ ዳግመኛ እንዳልዋሽ» አሉኝ።

ወለሉ ላይ ተንበርክከው የልጅቷን ሁለት እጅ ያዙ። «ሰናይት፣ አባትሽ ሞቷል። መንገድ ላይ ታሞ ነው የሞተው። እኔ ነኝ የቀበርኩት። ይመጣል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። እንዳታለቅሺ ብዬ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጅቷ እግሯን ማወዛወዟን አቆመች። ከዚያ «ታዲያ ሚስስ ዊልኪንስ ለምን ትጠራዋለች?» አለች።

«ስላላወቀች ነው ልጄ። ሰኞ እንነግራታለን።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እናትየው አላባበሏትም፣ ዝም በይም አላሏትም። አቅፈዋት አብረዋት አለቀሱ፤ ባላቸውን በወጉ ያለቀሱት የዚያን ቀን ይመስለኛል።

እሑድ በወረቀት ላይ እንግሊዝኛውን እንድጽፍላቸው አዘዙኝ፤ «ስሟ ሰናይት ነው። ተሰማ የአባቷ ስም ነው። አባቷ ሞቷል።» እኔ በጻፍኩት አልሰጡም፤ ፊደል በፊደል አስመስለው በራሳቸው እጅ ገለበጡት። ሚስስ ዊልኪንስ ሰኞ ጠዋት አንብባ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች አሉኝ። ከዚያ ተነሥታ ልጅቷ ፊት በርከክ ብላ «ሰናይት» አለቻት። ሰናይት ቃል አልወጣትም። እጇን ግን አወጣች።

ይህ ሁሉ ሆኖም አፏ አልተፈታም። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። የፈረንጆቹ ፋሲካ ደርሶ ሄደ። ሰውየው ደብዳቤ ላከ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ «የኛ ገና ነው» ብለው መለሱ። በየቀኑ ትንሿ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጉንፋን ይዟቸው እንኳ አልቀሩም። እኔ አንድ ቀን «እትዬ፣ ባይሆንስ?» ብላቸው፣ «ሲሆን አየዋለሁ፤ ሳይሆንም ሲቀር አየዋለሁ። ሳላይ ግን አልቀርም» አሉኝ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሐሙስ ዕረፍት ነበርኩ። መነጽራቸውን ረስተው ስለሄዱ ላቀብላቸው ክፍሉ በር ላይ ደረስኩ። የወረቀት ሰዓት ሠርተዋል፤ ልጆቹ በየጠረጴዛው ቆጣሪዎቹን እያዞሩ ይጠያየቃሉ። አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ሰዓቱን ስምንት ላይ አድርጎ እትዬ ማንጠግቦሽ ፊት ዘረጋው። ጠዋት ነው ብሎ ፀሐይ ሥሎበታል። እሳቸው አየት አድርገው፣ ሲጠሩት በኖሩት መንገድ፣ ኮራ ብለው «ቱ ኦክሎክ» አሉ።

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ልጅ ጮክ ብላ «ትልቅ ሰው ሆና ሰዓት አታውቅም!» አለች። ሳቁ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ተዛመተ። እትዬ ማንጠግቦሽ ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም፤ «ቆይ፣ አጌይን» አሉ፤ ልጆቹ ይህንንም እየደገሙ ሳቁ።

ሰናይት ከወንበሯ ተነሣች። ወንበሩ ወደኋላ ወደቀ።

«ታውቃለች!» አለች በእንግሊዝኛ። ድምፅዋ ቀጭንና ሻካራ ነበር። «እማዬ ሰዓት ታውቃለች! እኛ ቤት ሲነጋ ነው መቁጠር የሚጀመረው። ይሄ እኛ ቤት ሁለት ነው፤ እዚህ ስምንት ነው። ሁለቱም ልክ ነው!»

ቀይ ሹራብ የለበሰው ልጅ ሰዓቱን ዐሥር ላይ አዞረና፣ «ይሄስ?» አላት፣ ከልቡ። «አራት» አለችው። «ይሄስ?» «ዘጠኝ።» ሌሎቹም የየራሳቸውን ይዘው ከበቧት።

ሚስስ ዊልኪንስ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማ ነበር። ድንገት ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ ፋይል አወጣች። ሰናይት በታኅሣሥ የሠራችው ወረቀት ነው፤ ዐሥር ሰዓቶች የተሣሉበት፣ ዐሥሩም በቀይ የተሰረዙበት። እትዬ ማንጠግቦሽ መነጽራቸውን ከእጄ ተቀብለው አጠለቁና ጣታቸውን በየተራ አሳረፉ። «ይሄ ሁለት፤ ልክ። አራት፤ ልክ። ይሄም ዘጠኝ፤ ልክ።» ዐሥሩም ልክ ነበር፤ በስድስት ሰዓት ልዩነት። አስተማሪዋ ቀዩን እርሳስ አንሥታ ከዐሥር ዐሥር ጻፈችበት። ከዚያ እትዬ ማንጠግቦሽን አቀፈቻቸው። እሳቸው ሲታቀፉ እንደ እንጨት ቀጥ ነበር የሚሉት፤ የዚያን ቀን ግን ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉት።

ከኛ ፋሲካ በኋላ ስብሰባው ተደረገ። ሰውየው በቀላሉ አልተረታም። አንድ ወረቀት ብቻውን አያሳምንም አለ፤ ልክም ነበር። እንደገና ተፈተነች፤ በዚህኛው እኔ እያስተረጎምኩ። ከዚያ በኋላ ስፔሻል ክላስ የሚባለው ነገር ቀረ። ነገር ግን ንባብ ላይ ብዙ አምልጧታልና አንደኛ ክፍልን ትድገም አሉ። እኔ ተናደድኩ፤ ልከራከርላቸው ተዘጋጀሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ሁለት ጊዜ አስደግመው ካዳመጡ በኋላ ፈረሙ።

«እውነታቸውን ነው» አሉኝ ስንወጣ። «እኔ አብሬያት ነበርኩ፤ ማንበቡ አልገባንም። እሷ ከደገመች እኔም እደግማለሁ። የአማርኛውን ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ነው፤ የሞትኩ መስሎሻል?»

ደገሙም። ዓመቱን ሙሉ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በጥቅምት ሰናይት ትቀድማቸው ጀመር። በጥር እሷ ታነባለች፣ እሳቸው በጣታቸው ይከተላሉ። ልጅቷ ስትታክት «ማሚ፣ አይ ቶልድ ዩ ኦልሬዲ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው «ድገሚልኝ፤ አፍሽ አያልቅም» ይሏታል። ክፍሉ ውስጥ ያፈረ ልጅ ካለ ሄዶ እሳቸው አጠገብ ይቀመጥ ነበር አሉ፤ ከሳቸው በታች የሚያነብ ስለሌለ።

እኔም በዚያ ዓመት አንድ ነገር ተማርኩ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ አንድ ወረቀት ፈርሚ ሲለኝ፣ አፌ ላይ የመጣውን «የስ» ዋጥ አድርጌ «አልገባኝም፤ ቀስ ብለህ ንገረኝ» አልኩት። ከዚያ ቀን በፊት ያን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተናግሬው አላውቅም። ሰውየው ተቀምጦ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሰማዩ አልተደፋም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሚስስ ዊልኪንስ ለልጆቹ ሰርተፊኬት ሰጠች። ለእትዬ ማንጠግቦሽም ስማቸው የተጻፈበት አዘጋጅታ ነበር። ክፍሉ አጨበጨበ። እሳቸው አይተው መለሱላት።

«መጽሐፉን አልጨረስኩም» አሉ። «የመጨረሻዎቹን ገጾች ሰናይት ናት ያነበበችልኝ። ነሐሴ እመጣለሁ።»

አስተማሪዋ የሳቀች መሰለኝ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። መጽሐፉን ተውሰው ይዘው ሄዱ። በጋውን ሁሉ ከሥራ በፊት ወጥ ቤታቸው ተቀምጠው ሲያጉረመርሙ በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ቀን ቆዩ። ልርዳዎት ስላቸው በራቸውን ዘጉብኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አስተማሪዎች ክፍላቸውን ሊያዘጋጁ ሲገቡ፣ እኔንና ሰናይትን አስከትለው ሄዱ። ሚስስ ዊልኪንስ መሰላል ላይ ቆማ ግድግዳው ላይ ወረቀት ትለጥፍ ነበር። ስታያቸው ወረደች። እትዬ ማንጠግቦሽ ሰላምታውን እንደጨረሱ ትንሿን ወንበር ስበው ተቀመጡና መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጡ። ጉዞ ስለወጣች ዳክዬ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጡ አነበቡ። መሀል ላይ አንድ ቃል ያዛቸው። ሰናይት አፏን ከፈተች፤ አስተማሪዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አስቆመቻት። እትዬ ማንጠግቦሽ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ጀመሩ፤ አወጡት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አልቆሙም።

መጽሐፉን ከድነው ለባለቤቷ መለሱና እጃቸውን ዘረጉ። ሚስስ ዊልኪንስ መሳቢያዋን ከፍታ ሰርተፊኬቱን አወጣችላቸው። ተቀበሏት። ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት መስመር ሳይዘሉ፣ ቆመው አነበቡት። ለሰናይት አስያዟት። ቀሚሳቸውን አስተካከሉና በእንግሊዝኛቸው ጠየቁ፦

«ሰከንድ ግሬድ፣ ዊች ሩም?»